ቻይና የማታውቀው «የቻይና» ፊደል

በአሜሪካ ከተሞች የቻይና ምግብ ቤት ለመለየት ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ከበሩ በላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይበቃል። ፊደላቱ እነዚያው የምናውቃቸው የላቲን ፊደላት፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው፤ አሣሣላቸው ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጭረት በሹል ጫፍ ይጀምርና እየጎበጠና እየወፈረ ሄዶ በሰፊ ጫፍ ይቋረጣል። ጭረቶቹ አንዳንድ ጊዜ አይነካኩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። አላፊ አግዳሚው ቃሉን አንብቦ ሳይጨርስ «ቻይና» የሚለው ሐሳብ ይመጣበታል።

ቻይና ውስጥ ግን እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ይህ የፊደል መልክ የተወለደው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ በ1883 ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያወጣው ፋብሪካ «ቻይኒዝ» አለው፤ ኋላ «ማንዳሪን» ተባለ። ዛሬ ቤተሰቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «የቾፕ ሱይ ፊደል» ወይም «የወንተን ፎንት» እየተባለ ይጠራል። ሁለቱም የምግብ ስሞች ናቸው።

ስለ አንድ ጌጠኛ ፊደል ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ ለሚል አንባቢ መልሴ ይህ ነው። ፊደል ከሚሸከመው ቃል ሌላ የራሱ መልእክት አለው። ይህ ፊደል ከመቶ ዓመት በላይ ያስተላለፈው መልእክት «ይህ ሰው፣ ይህ ምግብ፣ ይህ ቤት ከእኛ አይደለም» የሚል ነው። ፊደሉ ከእርሳስ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር ቅርጹ በጥንቃቄ ተገለበጠ፤ ታሪኩ ግን አብሮት አልተሻገረም። ታሪኩን መልሶ ከፊደሉ ጋር ማገናኘት የእኛ ሥራ ነው።

ክሊቭላንድ፣ 1883

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ማተሚያ ቤቶች ፊደላቸውን የሚገዙት ከፊደል ፋብሪካዎች ነበር። ፋብሪካው እርሳስን ከሌሎች ማዕድናት ጋር አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈስሳል፤ ማተሚያ ቤቱ በክብደት ይገዛል፤ ፊደል ለቃሚው ከሣጥኑ እየለቀመ ይደረድራል። መጽሐፍና ጋዜጣ የሚታተምበት ፊደል ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም ነበር። ገንዘብ የሚያስገኘው ግን ሌላው ሥራ ሆነ፤ የንግድ ካርድ፣ የትያትር ማስታወቂያ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ የዕቃ መለያ። ለዚህ ሥራ ዓይን የሚይዝ አዲስ ነገር በየጊዜው ይፈለጋል። ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ጀምሮ የቅርጽ ማውጫን በኤሌክትሪክ ኃይል ከናሙና መቅዳት በመቻሉ አዲስ ፊደል ማውጣት ቀለለ፤ ረከሰም። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ በካታሎጎቻቸው ላይ ጌጠኛ ፊደላትን ይዘው ይወዳደሩ ጀመር።

በዚያው ዘመን አሜሪካና አውሮፓ በምሥራቅ እስያ ዕቃ ተማርከው ነበር። ጃፓን በ1850ዎቹ በአሜሪካ የጦር መርከቦች ግፊት በሯን ከከፈተች በኋላ ማራገቢያዋ፣ ሸክላዋና የእንጨት ሕትመቷ በየሳሎኑ ገባ። በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ሚሊዮኖች የጃፓንና የቻይናን ዕቃ በዓይናቸው አዩ። ማተሚያ ቤቶችም የቀርከሃ ፍሬም፣ ማራገቢያና የሽመላ ሥዕል በንግድ ካርዶቻቸው ላይ ያስገቡ ጀመር። የክሊቭላንዱ ፊደል ከዚህ ገበያ የወጣ ነው።

የእስያ ዕቃ በሚወደድበት በዚያ ሰዓት የእስያ ሰው ይባረር ነበር። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የባቡር ሐዲድ በ1869 ሲጠናቀቅ የምዕራቡን ክፍል በአብዛኛው የሠሩት ከ10,000 በላይ የሚሆኑ ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ የሴራ ኔቫዳን ዓለት በባሩድ ያፈረሱት እነርሱ ናቸው። ሥራው አልቆ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን ሥራ አጡ ነጭ ሠራተኛ «ደመወዛችንን አረከሱብን» ብሎ ተነሣባቸው። በግንቦት 1882 ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር የፈረሙት ሕግ የቻይና የጉልበት ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ለአሥር ዓመት ከለከለ፤ ቻይናውያንም የአሜሪካ ዜግነት እንዳያገኙ በግልጽ ደነገገ። አገሪቱ አንድን ሕዝብ በስም ጠርታ ያገደችበት የመጀመሪያው ታላቅ ሕግ ነው። ከታደሰ በኋላ ዘላቂ ሆነ፤ የተሻረው በ1943 ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ለቻይናውያን የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ነበር።

ፊደሉ የወጣው ሕጉ በወጣ በዓመቱ ነው። አንዱ ሌላውን ወለደ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ግን ከአንድ ኅብረተሰብ፣ ከአንድ ዘመን ስሜት የወጡ ናቸው። ያ ኅብረተሰብ ቻይናን እንደ ጌጥ ይፈልጋታል፤ ቻይናዊውን ግን ጎረቤቱ እንዲሆን አይፈልግም።

የዚያ ዘመን ፋብሪካዎች የአንድን ፊደል «ዜግነት» እንዴት እንደሚወስኑ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። በ1888 በቺካጎ ኧርነስት ላውሽከ የሣለው አንድ ጌጠኛ ፊደል «ዶርመር» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ስሙ ከእስያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በ1920ዎቹ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው ድርጅት ያንኑ ፊደል እንደገና ሲያወጣ «ፔኪን» አለው። ለአሜሪካዊ ደንበኛ ከወትሮው ወጣ ያለ የሚመስል ፊደል የእስያ ከተማ ስም ቢለጠፍበት ይሸጣል፤ ሻጩም ገዢውም ማረጋገጫ አይጠይቁም። የክሊቭላንዱ ፋብሪካ ራሱ በ1892 ሃያ ሦስት ፋብሪካዎች ተዋሕደው የአሜሪካ ፊደል አቅላጮችን ድርጅት ሲመሠርቱ ከእነርሱ ጋር ተጠቃለለ፤ ያወጣው ፊደል ግን ስሙንና ባለቤቱን እየለወጠ ኖረ።

ብሩሹ የሚያውቀው

ይህ ፊደል ከቻይና ጽሕፈት ምን ወሰደ? ምንስ ተወ? ይህን ለመረዳት የቻይና ጸሐፊ እጁ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል።

የቻይና ብሩሽ ከእንስሳት ጠጉር የተሠራ ነው፤ ሲጫኑት ይሰፋል፤ ሲያነሡት ይቀጥናል። ስለዚህ የጭረቱ ውፍረት የእጁ ግፊት ምስክር ነው። በመደበኛው አጻጻፍ አግድም ጭረት ሲጀመር ብሩሹ ተጭኖ ይያዛል፤ መሐል ላይ በጥቂቱ ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ እንደገና ተጭኖ ይዘጋል። ወደ ግራ የሚወርደው ጭረት ወፍሮ ጀምሮ በሹል ጫፍ ያልቃል። ወደ ቀኝ የሚወርደው ደግሞ በተቃራኒው ቀጥኖ ጀምሮ እየወፈረ ሄዶ ከመጨረሱ በፊት ይረገጣል። ነጥቡ፣ መንጠቆው፣ ወደ ላይ የሚፈናጠረው ጭረት፣ ሁሉም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ተማሪዎች «ዮንግ» የተባለችውን አንዲት ምልክት ደጋግመው በመጻፍ ስምንቱን መሠረታዊ ጭረቶች ይለማመዳሉ። ይህን ትምህርት ትውፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከታላቁ የጽሕፈት ሊቅ ከዋንግ ሺጂ ጋር ያያይዘዋል። ቅደም ተከተልም አለ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። እያንዳንዱ ምልክት፣ ሁለት ጭረት ይኑረው ሃያ፣ እኩል በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል።

የክሊቭላንዱ ፊደል ሠሪ ከዚህ ሁሉ የወሰደው ሹሉንና ሰፊውን ጫፍ ብቻ ነው። የትኛው ጭረት በየት በኩል እንደሚቀጥን፣ እጅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሚዛኑ በምን እንደሚጠበቅ አልተመለከተም። ጫፎቹን ነቅሎ በላቲን ፊደላት አጽም ላይ እንደ መጣለት ገጠማቸው። በብራና ላይ በመቃ ብርዕ የተጻፈ የግእዝ ጽሑፍ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የቁም ጽሕፈታችን ወፍራም እግርና ቀጭን ማያያዣ ከብርዑ አቀራረጽና ከጸሐፊው አያያዝ የመጣ ነው። ብርዕ ይዞ የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ወፍራሙንና ቀጭኑን እንደ ጌጥ ቆጥሮ በላቲን ፊደል ላይ በዘፈቀደ ቢበትነው የደብተራው ዓይን ስሕተቱን ወዲያው ያያል። ቻይናዊ ጸሐፊም ይህን ፊደል ሲያይ የሚያየው እንዲህ ነው።

የሕትመት ታሪክን ብናስብ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያሳዝናል። ተነጣይ ፊደልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በ1040ዎቹ የኖረው ቻይናዊው ቢ ሼንግ ነው፤ ከሸክላ ቀርጾ፣ በእሳት ጠብሶ። ጉተንበርግ ከእርሱ አራት መቶ ዓመት በኋላ ነው የመጣው። በብረት ፊደል የታተመውና እስከ ዛሬ የቆየው የኮሪያው ጂክጂ መጽሐፍ የተሠራው በ1377 ነው። ፊደል በማተም ጥበብ ዓለምን የቀደመ አካባቢ በአሜሪካ የፊደል ካታሎግ ውስጥ የተወከለው ራሱ በማያውቀው ቅርጽ ሆነ።

ፓጎዳው፣ ኒዮኑና የምግብ ሣጥኑ

ታሪኩ የፈጠራና የማላገጥ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ግን ይህን ፊደል በደጃፋቸው የሰቀሉት ብዙዎቹ ቻይናውያን ራሳቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንሂድ።

ሉክ ቲን ኢላይ የተወለደው በካሊፎርኒያ፣ ሜንዶሲኖ ነው። በልጅነቱ ወላጆቹ ወደ ቻይና ላኩት። በ1884 በ14 ዓመቱ ሲመለስ የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ሹማምንት በአዲሱ ሕግ መሠረት አትገባም አሉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ሰው ወላጆቹ ከየትም ይምጡ ዜጋ ነው ብሎ ፈረደለት። ልጁ አድጎ የታወቀ ነጋዴ ሆነ። በሚያዝያ 1906 የመሬት መንቀጥቀጡና ቃጠሎው ከተማይቱን ሲያወድም የቻይናውያን ሠፈርም ወደመ። የከተማው ሹማምንት አጋጣሚውን በመጠቀም ቻይናውያኑን ወደ ዳር፣ ወደ ሃንተርስ ፖይንት ለማዛወር አሰቡ።

ሉክ ቲን ኢላይና ጓደኞቹ የመለሱት በግንባታ ነው። ፓተርሰን ሮስና በርግረን የተባሉ ቻይናዊ ያልሆኑ ባለሙያዎችን ቀጥረው ጣሪያቸው እንደ ፓጎዳ የተቆለመመ ሱቆችን አሠሩ። አሜሪካዊው ጎብኚ በፖስት ካርድና በኤግዚቢሽን ያያትን ቻይና ሠርተው ሰጡት። ሠፈሩ የጎብኚ መስህብ ከሆነ፣ ለከተማው ገቢ ካስገኘ፣ ማን ያፈርሰዋል? ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ሠፈሩ በቦታው ቀረ። የሌሎች ከተሞች የቻይናውያን ሠፈሮችም ይህን መንገድ ተከተሉ።

ፊደሉም የዚህ ስሌት ክፍል ሆነ። ምግብ ቤት መክፈት ለቻይናውያን ከተተዉላቸው ጥቂት የሥራ በሮች አንዱ ነበር። በተለይ ከ1915 የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የምግብ ቤት ባለቤቶች ከሕጉ ነፃ በሆነው «ነጋዴ» በሚለው መደብ ውስጥ እየገቡ ዘመዶቻቸውን ማስመጣት ስለቻሉ የምግብ ቤቶቹ ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። ደንበኛው በአብዛኛው ቻይንኛ የማያነብ ነው። የምልክት ሠሪው፣ የምግብ ዝርዝር አታሚውና የክብሪት ካርቶን አምራቹም እንደዚያው። አታሚው ካታሎጉን ሲገልጥ ለቻይና ምግብ ቤት የሚሆን ፊደል የሚለው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ባለቤቱ ተቀበለው፤ መንገደኛው ለየው፤ ገበያው መጣ። በኒዮን መብራት ዘመንም ያው ቅርጽ በታጠፈ የመስታወት ቱቦ በየጎዳናው በራ። የአሜሪካ የቻይና ምግብ የሚወሰድበት ነጭ ካርቶን የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1894 ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ የአምራቹ ድርጅት ሠዓሊ ቀይ ፓጎዳና በዚህ ፊደል አምሳል የተጻፈ ምስጋና ጨመረበት። ዛሬ ያ ካርቶን በፊልም ውስጥ ሲታይ ስለ ምግቡ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም።

ስለዚህ በደጃፉ ላይ ይህን ፊደል የሰቀለውን አባት መውቀስ አይገባም። አገር እንዳይገባ፣ ዜጋ እንዳይሆን፣ በፈለገው ሙያ እንዳይሠራ የተከለከለ ሰው የባለጋራውን ምናብ ወደ እንጀራ ለወጠው። ምርጫው ጠባብ ነበር፤ ብልሃቱ ግን የራሱ ነው። ወቀሳው ምርጫውን ባጠበቡት ላይ ይሁን።

ከእርሳስ ወደ ፋይል

እርሳስ ሲያረጅ ፊደሉ መሞት ነበረበት። ብዙ ጌጠኛ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊደላት በእርግጥ ሞተዋል። ይህን ፊደል ያዳኑት ሦስት የቴክኒክ ለውጦች ናቸው።

የመጀመሪያው የፎቶ ፊደል ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ፊደል በብረት መቅለጡ ቀርቶ በፊልም ላይ ሆነ፤ ማንኛውም የድሮ ካታሎግ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ እንደገና ፊደል መሆን ቻለ። በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የሠራው ዳን ሶሎ እጅግ ብዙ የድሮ ፊደላትን ሰብስቦ ዶቨር በተባለው አሳታሚ በኩል መቶ መቶ ፊደል የያዙ መጻሕፍትን አወጣ። እነዚያ ርካሽ መጻሕፍት ኋላ ለመጡት የዲጂታል ፊደል ሠሪዎች ምንጭ ሆኑ። ሁለተኛው በ1961 ሌትራሴት ያወጣው፣ በእርሳስ ጀርባ እያሹ ወረቀት ላይ የሚለጥፉት ፊደል ነው፤ ማተሚያ ቤት የሌለው ሰው ሁሉ ማስታወቂያ ሠሪ ሆነ።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ነው። በ1984 አዶቢ ፖስትስክሪፕትን አወጣ፤ በ1986 ፎንቶግራፈር የተባለው ፕሮግራም ማንም ሰው በጠረጴዛው ላይ ፊደል እንዲሠራ አስቻለ፤ በ1991 እና በ1992 ትሩታይፕ በአፕልና በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ተጫነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የድሮው ገጽ በስካነር ይነበባል። ሠሪው በእያንዳንዱ ፊደል ዳር ላይ ነጥቦችን ያስቀምጣል፤ ነጥቦቹን የሚያገናኘው የሒሳብ ቀመር ጥምዙን ይሠራል። በዚህ ዘዴ የተሣለ ፊደል ለቪዚቲንግ ካርድም ለሕንፃ ግድግዳም ሳይደበዝዝ ይሰፋል፤ ይጠባል።

ሥራው ግን መቅዳት ብቻ አይደለም፤ በየደረጃው ውሳኔ አለ። በድሮው ወረቀት ላይ ቀለም ፈሶ ያደበዘዘው ጫፍ ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይቀመጥ? በዋናው ፊደል ያልነበሩት ትንንሾቹ ፊደላት ከየት ይምጡ? በ1883 ያልነበረው የዩሮ ምልክት ምን መልክ ይኑረው? በሁለት ፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ስንት ይሁን? ጥሩ ሠሪ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳምንታትን ይሰጣል፤ ቸኩሎ የሠራው ደግሞ ጭረቶቹ የሚናወጡና የሚጋጩ ፋይል ያወጣል። በአንድ ካታሎግ ገጽ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ በርካታ ፎንቶች ዛሬ ጎን ለጎን ሲታዩ የሚለያዩት በእነዚህ ውሳኔዎች ነው።

የስማቸው ብዛት ደግሞ ከሕግ የመጣ ነው። በአሜሪካ የፊደል ቅርጽ በደራሲ መብት አይጠበቅም፤ በ1978 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን አጽንቷል። ስሙ ግን በንግድ ምልክት ሊጠበቅ ይችላል፤ የፎንቱ የኮምፒውተር ኮድም በ1998 በተሰጠ ፍርድ መሠረት ጥበቃ አለው። ስለዚህ የድሮን ፊደል እንደገና ሥሎ በሌላ ስም መሸጥ ተፈቀደ። ካራቴ፣ ወንተን፣ ቾው ፈን፣ ቾፕ ሱይ የሚባሉ ፎንቶች በሲዲ ተጠርዘው፣ በነፃ ድረ ገጾች ተበትነው ዓለምን ሞሉ። ስሞቹ የጃፓኑን ስፖርት፣ የቻይናን ምግብ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቀሉ። ለፊደሉ እስያ አንድ አገር ናት።

ከእነዚህ ፎንቶች የአንዱን ፋይል የከፈተ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል፤ በውስጡ አንድም የቻይና ምልክት የለም። ቻይንኛ ቢጽፍበት ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይፈልጋል። ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ብቻ ናቸው። እውነተኛ የቻይና ፎንት መሥራት ግን ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። በ1716 የተጠናቀቀው የካንግሺ መዝገበ ቃላት 47,035 ምልክቶችን ይዟል። ቻይና በ1980 ለኮምፒውተር የደነገገችው መሠረታዊ ዝርዝር ብቻ 6,763 ነው። በ2014 አዶቢና ጉግል ከቻይና፣ ከጃፓንና ከኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ያወጡት ፎንት 65,535 ቅርጾች አሉት፤ የፎንት ፋይል ሊይዝ የሚችለው የመጨረሻ ቁጥር ነው። ከዚህ በስተጀርባ የብዙ ባለሙያዎች የዓመታት ድካም አለ። የዚህን ሥራ ስም ለሃያ ስድስት ፊደላት መስጠት የሠራተኞቹን ድካም መሰወር ነው።

ፊደሉ ሰው ላይ ሲለጠፍ

ፊደሉ ከምግብ ቤት በር ወጥቶ በሰው ላይ ሲለጠፍ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጃፓን ላይ በተሠሩ የአሜሪካ ፖስተሮች የብሩሽ አምሳያ ፊደል ከጠላት ሥዕል ጋር አብሮ ቆመ፤ በዚያው ወቅት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። በ2002 አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች የተባለው የልብስ ድርጅት በቻይናውያን ልብስ አጣቢዎች ላይ የሚያላግጥ ቲሸርት አወጣ፤ በተቃውሞ ብዛት ከገበያ ሰበሰበው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው የ2018ቱ ነው። በኒው ጀርሲ ለምክር ቤት ይወዳደር የነበረው አንዲ ኪም የኮሪያ ስደተኞች ልጅ ነው፤ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። የተፎካካሪው ፓርቲ የግዛቱ ኮሚቴ ለመራጮች በላከው ወረቀት ላይ ሰውየው የሚያጠራጥር ነው የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ ከዓሣ ስም የመጣውን ቃል በዚህ ፊደል አሳተመ፤ ከጎኑም የዓሣ ሥዕል አኖረ። በወረቀቱ ላይ ስለ ዘሩ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገም። ፊደሉ ብቻውን «ይህ ሰው ባዕድ ነው» አለ። አንዲ ኪም ምርጫውን አሸነፈ፤ ኋላም ሴናተር ሆነ። ከኦሃዮ የወጣ የቻይና አምሳያ ፊደል አሜሪካ ውስጥ የተወለደን የኮሪያውያን ልጅ ለማግለል መዋሉ ግን ይህ ቅርጽ ምን እንደሚሠራ ከየትኛውም ትንታኔ በላይ ያስረዳል።

በመጋቢት 2021 በአትላንታ አካባቢ ስምንት ሰዎች፣ ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች፣ በጥይት ከተገደሉ በኋላ በእስያውያን አሜሪካውያን ላይ ስለሚደርሰው ጥላቻ የተጀመረው ክርክር ወደ ግራፊክ ዲዛይን ሙያም ገባ። ብዙ ወጣት የእስያ ዝርያ ያላቸው ዲዛይነሮች ፊደሉን እንደ ስድብ አዩት። የምግብ ቤት ልጆች የሆኑ ሌሎች ደግሞ የወላጆቻቸውን ምልክት በፍቅር ያስታውሳሉ፤ በዚያ ምልክት ሥር ያደጉና የተማሩ ናቸውና። ሁለቱም ስሜት እውነተኛ ነው። ልዩነቱ ፊደሉን ማን፣ የት፣ ስለ ማን እንደሚጠቀምበት ነው። አንድ ቤተሰብ በራሱ በር ላይ የሰቀለውና ባለጋራ በአንድ ሰው ስም ላይ የሚለጥፈው አንድ አይደሉም።

አፍሪካም ከዚህ አልዳነችም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ኮህ በ1923 ኖይላንድ የተባለውን ደማቅ ፊደል በቀጥታ ብረት ላይ ቀረጸ። ከአፍሪካ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሆኖም አሜሪካውያን አሳታሚዎች ሻካራ መልኩን አይተው በአፍሪካ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ያኖሩት ጀመር፤ ዓመታት ሲያልፉ «የአፍሪካ ፊደል» መሰለ። ሮብ ጂያምፒየትሮ የተባለው ዲዛይነር ስለዚህ ጉዳይ በጻፈው መጣጥፍ ይህንና በ1989 ከጥንት ግሪክ የድንጋይ ጽሑፍ ተነሥቶ የተሠራውን ሊቶስ አብሮ ይመረምራል። የራሷ ፊደል ያላት፣ በፊደሏም ከ1,500 ዓመት በላይ የጻፈች ኢትዮጵያ የምትገኝበት አህጉር በጀርመን፣ በኦፈንባክ ከተማ በተቀረጸ የላቲን ፊደል ሲወከል የእኛ አንባቢ ነገሩን ከሩቅ የሚያየው የሌላ ሕዝብ ጉዳይ አድርጎ መቁጠር አይችልም።

እንዴት እናንሣው?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ፊደሉ ይቃጠል፣ ፋይሉ ይሰረዝ አልልም። የተሰረዘ ነገር አያስተምርም። የ1906ቱን ሳን ፍራንሲስኮ የሚያሳይ ፊልም፣ የስደተኞችን ምግብ ቤቶች የሚዘክር ሙዚየም፣ የመገለልን ሕግ የሚተርክ መጽሐፍ ይህን ፊደል በትክክል ማሳየት አለበት። ለዚህ ጥሩ ዲጂታል ቅጂ ያስፈልጋል፤ በጥንቃቄ የሠራው ሰውም ምስጋና ይገባዋል።

የምጠይቀው ሠሪው ከፋይሉ ጋር ታሪኩንም እንዲያስረክብ ነው። ፎንት በውስጡ የሠሪውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ ብዙዎቹ ይህን ቦታ ባዶ ይተዉታል። በዚያ ቦታ ፊደሉ በ1883 ክሊቭላንድ እንደ ወጣ፣ ከየትኛው ካታሎግ እንደ ተቀዳ፣ ምን እንደ ተጨመረበት ሊጻፍ ይችላል። የሚሸጠው ድረ ገጽም «እስያዊ» ከሚለው ክፍል አውጥቶ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ጌጠኛ ፊደላት ከሚለው ክፍል ሊያኖረው ይችላል፤ ቦታው በእርግጥ እዚያ ነውና። ይህ ወጪ የለውም፤ ለተጠቃሚው ግን ምን እንደ ያዘ ይነግረዋል።

ተጠቃሚውም የራሱ ድርሻ አለው። ስለ ቻይና፣ ስለ ጃፓን ወይም ስለ ኮሪያ የሚናገር ሥራ የሚሠራ ዲዛይነር ዛሬ በካታሎግ ውስጥ አንድ ምርጫ ብቻ የለውም። እውነተኛ ብሩሽ የያዙ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሁለቱንም ጽሕፈት ጠንቅቀው የሚያውቁ የፊደል ሠሪዎች አሉ፤ ቻይንኛውን በቻይንኛ፣ እንግሊዝኛውን በንጹሕ የላቲን ፊደል አጠገብ ላጠገብ የሚያስቀምጡ ብዙ አዳዲስ ምግብ ቤቶችም አሉ። የ1920ዎቹ ምግብ ቤት ባለቤት ይህ ምርጫ አልነበረውም፤ የዛሬው ዲዛይነር አለው። የሌላውን ሕዝብ ስም በፊደል ከመቅረጹ በፊት ያ ሕዝብ በምን እንደሚጽፍ፣ እንዴት እንደሚጽፍ፣ ራሱንስ በምን መልክ ማየት እንደሚወድ ይጠይቅ። ፊደልን ማወቅ ማለት ድምፁን ማንበብ ብቻ አይደለም፤ ከማን እጅ እንደ ወጣና በማን ላይ እንደ ዋለ ማወቅም የማንበብ ክፍል ነው።